ወረቀት መንጠቅ ሞተር አያቆምም፦ ስለ ትንፋሽ ቁልፍ ለቀረበው ትችት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ "ያንተን ሙያ ይነካልና አንብበው" ብሎ ያቀበለኝን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ጸሐፊው የጎጃም ሰው ናቸው፤ የአባይን በረሃ በአውቶቡስም በጭነት መኪናም ደጋግመው እንደወረዱት ይነግሩናል። የሚነቅፉት ጠጥተው ሲያሽከረክሩ በተያዙ ሰዎች መኪና ላይ የትንፋሽ ቁልፍ እንዲገጠም የሚያስገድድ ሕግ ይውጣ የሚለውን ሐሳብ ነው። ክርክራቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ በእኛ መንገድ ሰው የሚገድለው ቁልቁለቱና አሮጌ ፍሬኑ እንጂ መጠጥ አይደለም፤ መሣሪያውን ማንም የመኪና ኤሌክትሪሺያን በአምስት ደቂቃ ያልፈዋል፤ ከሰንበቴ የሚመለሰውን ምስኪን ያዋርዳል፤ መንጃ ፈቃድ መንጠቅና ማሰር ይበቃል፤ አሜሪካኖችም ሞክረውት ሰዎቹ ወደ ልማዳቸው ተመልሰዋል፤ ዋጋውም ለድሃ ሹፌር የሚቀመስ አይደለም።

"ማንም የመኪና ኤሌክትሪሺያን" የተባልሁት እኔ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ዕቃ) እና ዲናሞ ስፈታና ስገጥም ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ስለዚህ መልስ የመስጠት መብት ብቻ ሳይሆን ዕዳም ያለብኝ ይመስለኛል። የጸሐፊውን ቅደም ተከተል አልከተልም። እውነት ያለባቸውን ነጥቦች ግን እውነት ናቸው ከማለት አልሰስትም።

መሣሪያውን ላላየ አንባቢ፦ የእጅ ስልክ የሚያህል ሳጥን ነው፤ ከኳድሮው፣ ማለት የማስነሻው ቁልፍ ከሚገባበት፣ ወደ ሞተሪኖው በሚሄደው መስመር ላይ ይገባል። ሹፌሩ መኪናውን ከማስነሳቱ በፊት ይነፋበታል። በትንፋሹ ያለው አልኮል ከተወሰነው መጠን ካለፈ መስመሩ አይገናኝም፣ ሞተሪኖውም አይዞርም። ብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች መጠኑን በ100 ሚሊ ሊትር ደም 0.02 ግራም ገደማ ላይ ያደርጉታል። ጉዞ ከተጀመረ በኋላም በየመሐሉ ድንገት "ንፋ" ይላል። ያን ጊዜ ሹፌሩ ቢወድቅ ሞተሩን አያጠፋም፤ በሚሄድ መኪና ላይ ሞተር ማጥፋት ሌላ አደጋ ነውና ጥሩንባ ያስጮኻል፣ መብራት ያብለጨልጫል፣ የሆነውንም ሁሉ ከነሰዓቱ ይመዘግባል። ይህ መዝገብ የሚለው ቃል ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

እንግዲህ "የሚገድለው ቁልቁለቱ ነው" የሚለውን ልያዝ። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው መንገድ ምን እንደሚመስል ለጎጃም ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ግን በዚያ ቁልቁለት ላይ መኪና የሚያድነው ምንድን ነው? ሹፌሩ ከመውረዱ በፊት ማርሽ መቀነሱ፣ ክብደቱን ለሞተሩ ማሸከሙ፣ ፍሬኑን በቁጠባ መንካቱ ነው። የጠጣ ሰው መጀመሪያ የሚረሳው ይህንን ነው። ከፍ ባለ ማርሽ ይለቀዋል፤ ፍጥነቱ ሲያስደነግጠው ፍሬኑ ላይ ይቆማል፤ ፍሬኑ ይግላል፤ ከዚያ በኋላ ቢረግጥ ባይረግጥ አንድ ነው። በማግሥቱ የምንሰማው "ፍሬን በጥሶ" የሚል ወሬ ነው። ተጎትተው ከመጡ መኪኖች መካከል የፍሬን መስመራቸው ደኅና ሆኖ ሸራው ብቻ በሙቀት የነደደ አይቻለሁ። ሹፌሩ ጠጥቶ ይሁን አይሁን ማንም አልለካውም። ያልተለካ ነገር ደግሞ መዝገብ ላይ አይገኝም። ጸሐፊው "በአደጋ መዝገብ ላይ መጠጥ እምብዛም አይታይም" ብለው ያቀረቡት ማስረጃ ሚዛን በሌለበት ገበያ አጉዳይ ነጋዴ የለም እንደ ማለት ነው።

ደግሞስ የእኛ የመጠጥ ችግር ሌሊት ከመጠጥ ቤት ወጥቶ በሚነዳው ሰው ብቻ አያበቃም። ከባድ መኪና የያዘው ሹፌር ደጀን ያድራል፣ ደብረ ማርቆስ ያድራል፣ ቡሬ ያድራል። ማታ ይጠጣል፣ ይተኛል፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ስለተኛም የነጻ ይመስለዋል። ሒሳቡን እንሥራው። አልኮል ከደም የሚወጣው፣ በዚያው በ100 ሚሊ ሊትር ደም ልክ፣ በሰዓት 0.015 ግራም ገደማ ነው፤ ቡናም ቢሆን፣ ፊት በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብም ቢሆን አያፋጥነውም። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ 0.15 ይዞ የተኛ ሰው 11 ሰዓት ላይ ሲነሳ ገና 0.075 ገደማ በደሙ ውስጥ አለ። የአገራችን ሕግ ጣሪያ 0.08 ነው። ይህ ሰው ትራፊክ ፖሊስ ቢያስቆመውና ቢለካው እንኳ በሕጋዊነት ያልፋል፤ በዚያው ደሙ የአባይን በረሃ ይወርዳል። የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው ጣሪያ 0.05 ነው። የትንፋሽ ቁልፉ በ0.02 ላይ የተስተካከለ ቢሆን ግን ሰውየው ከነመኪናው ባደረበት ግቢ ይቀራል፤ ቁርሱንም ተረጋግቶ ይበላል።

"ሁለት መለኪያ ብቻ ነው የጠጣሁት" የሚለውን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን። መለኪያ የሚባለው ብርጭቆ ስሙ ነው እንጂ ልኩ ከቤት ቤት ይለያያል። የዳጉሳ አረቄ፣ ያውም ዳግም የሆነው፣ ጠርሙሱ ላይ መጠን አልተጻፈበትም፤ ያወጣችው እናት እንኳ በምላሷ እንጂ በቁጥር አታውቀውም። ሰው የጠጣውን ያህል ራሱ ይመዝን ማለት በጎጃም ከሌላው አገር ይልቅ የሚከብደው ለዚህ ነው።

ጫትና እንቅልፍ ማጣትስ? እነርሱን ይህ መሣሪያ አይዝም። ጸሐፊው እዚህ ላይ ልክ ናቸው፤ የራስ ምታት ክኒን የሆድ ቁርጠት አያድንም ከማለት ያለፈ ግን አልተናገሩም።

"መንጃ ፈቃድ መንጠቅና ማሰር ይበቃል" ለሚለው የምመልሰው በአንድ ደንበኛዬ ነው። አይሱዙ የሚነዳ፣ እጁ የቀና፣ ሲጠጣ ግን የማይመለስ ሰው ነበር። ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ መንጃ ፈቃዱ በተወሰደ በሳምንቱ ዲናሞ ሊያሠራ መጣ፤ መኪናውን ራሱ እየነዳ። "ፈቃድህስ?" አልሁት። "የወሰዱት ወረቀቱን ነው፤ እጄን መቼ ወሰዱት?" አለኝ። ሳቅሁ። ዲናሞውንም ሠርቼ ሸኘሁት። ዛሬ ሳስበው ከሳቄ ይልቅ ዲናሞውን መሥራቴ ያሳፍረኛል። ፈቃዱ በመሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ሳለ እርሱ ከደምበጫ ፍኖተ ሰላም ይመላለስ ነበር። ማሰሩም ቢሆን የሚይዘው እስኪፈታ ድረስ ነው፤ የሚፈታው ደግሞ ያንኑ መሪ ሊይዝ ነው፤ ሌላ ሙያ የለውማ። በዚህ መካከል የቤት ኪራይ የሚከፍሉት ሚስቱና ልጆቹ ናቸው። የትንፋሽ ቁልፍ ሰውየውን "ንዳ፣ ብላ፣ ልጅህን አስተምር፣ ጠጥተህ ግን አትነዳም" ይለዋል። ይህንን ማለት የሚችል ሌላ ቅጣት አላውቅም።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ። "ማንም ኤሌክትሪሺያን በአምስት ደቂቃ ያልፈዋል" ተብሏል። አምስት ደቂቃ እንኳ በዝቷል። ከባትሪው ወደ ሞተሪኖው አንድ ሽቦ መሳብ ለእኔ የሻይ ዕረፍት ሥራ ነው። ጸሐፊው ያላነሱት የባሰ ቀዳዳም አለ፦ በእኛ አገር መኪና ተገፍቶ ይነሳል፤ ዳገት ላይ የቆመ አይሱዙ ፍሬኑ ተለቆ በሁለተኛ ማርሽ ይነሳል። ሞተሪኖ አያስፈልገውም። ታዲያ መሣሪያው ምን ይጠቅማል?

እዚህ ጋ ነው ጸሐፊው ቁልፉን ብቻ አይተው መዝገቡን የሳቱት። መሣሪያው ከመኪናው ባትሪና ከሞተሩ ምልክት ጋር ይገናኛል። ባትሪው ሲቋረጥበት ይጽፋል። ሳይነፋ ሞተር ሲሠራ፣ ተገፍቶም ይሁን በሽቦ ተነስቶ፣ "ያለ ትንፋሽ ተነሳ" ብሎ ይጽፋል። መገጣጠሚያዎቹ ታሽገዋል፤ የተፈታ ማሸጊያ ዳግም አይታተምም። ረዳቱ ይነፋለታል ለሚለውም አዳዲሶቹ ካሜራ አላቸው፤ የነፊውን ፊት ያስቀራሉ። ካሜራ በሌላቸውም ቢሆን በመንገድ ላይ የሚመጣው ድንገተኛ ጥሪ ረዳቱን ቀኑን ሙሉ ንጹሕ ሆኖ ከሹፌሩ ጎን እንዲቀመጥ ያስገድደዋል። የመንገዱን ረዳቶች የሚያውቅ ሰው የዚህን ዕድል ይገምት።

ስለዚህ ጥያቄው "ይታለፋል ወይ?" ሳይሆን "ሲታለፍ መዝገቡን ማን ያነባል? ካነበበስ በኋላ ምን ይሆናል?" ነው። የአሜሪካ ግዛቶች ብዙ ዓመት የደከሙበት ይህ ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1986 የሙከራ ሕግ አወጣች፤ ሌሎችም ተከተሉ። በብዙ ቦታ ግን ዳኛው "ይገጠምልህ" ይላል፣ ሰውየው አያስገጥምም፣ የሚጠይቀውም የለም። ሌላው "መኪና የለኝም" ብሎ ይምላል፤ በወንድሙ መኪና ይነዳል። ሌላው ደግሞ የእገዳው ጊዜ እስኪያልፍ ቁጭ ይልና መሣሪያውን ሳያይ ፈቃዱን ይመልሳል። ማሻሻያው የመጣው እነዚህን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በመድፈን ነው። ኒው ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2005 ለመጀመሪያ ጊዜ ለተያዘውም ሁሉ ግዴታ ያደረገች የመጀመሪያዋ ግዛት ሆነች፤ ዛሬ ከግማሽ በላይ ግዛቶች እንዲህ ያለ ሕግ አላቸው። እንደ ዋሽንግተን ግዛት ያሉት ደግሞ መሣሪያው ከመኪናው ላይ የሚነሳው ቀኑ ስለደረሰ ሳይሆን የመጨረሻዎቹ ወራት ያለ ጥፋት ሲያልፉ ነው አሉ። በዚያ ሕግ ውስጥ ሽቦ የሚስብ ሹፌር በጊዜው ላይ ጊዜ ይጨምራል። በቅሎ ገመድ በጠሰች ቢሉት ለራሷ አሳጠረች አለ እንደሚባለው ነው።

ይህ "አሜሪካኖች ሞክረውት ሰዎቹ ወደ ልማዳቸው ተመለሱ" ለሚለውም መልስ ይሆናል። ጸሐፊው የጠቀሱት ነገር እውነት ነው፤ ግማሹን ብቻ ነው የጠቀሱት። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ መሣሪያው ተገጥሞ ባለበት ጊዜ ዳግም የመያዝ መጠን በ67 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አግኝቷል። ሲነሳ ደግሞ ሰዎቹ መሣሪያ ካልተገጠመላቸው ጋር ይቀራረባሉ። ጸሐፊው ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ይዘው "አልሠራም" አሉ። ጃንጥላውን አጥፎ የተደበደበ ሰው ዝናቡን ትቶ ጃንጥላውን ቢከስስ ማን ይፈርድለታል? በመዝገቡ ላይ ደጋግሞ የወደቀ ሹፌር መሣሪያው ከተነሳለት በኋላም ዳግም ጠጥቶ የመንዳት ዕድሉ ከፍ ያለ እንደሆነ ተጠንቷል። እንግዲያው መዝገቡ ማን ገና እንዳልዳነ ይነግረናል፤ ለዚያ ሰው ጊዜው ይራዘም፣ ከሐኪምም ጋር ይገናኝ። መሣሪያው ሱስ አያድንም። ሱሰኛው እስኪድን ድረስ ግን ሌላ ሰው እንዳይገድል ይይዘዋል።

ጸሐፊው ያልነኩት፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምፈራው ቀዳዳ ሌላ ነው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የተቀጣ ሰው በሥራው ላይ የአሠሪውን መኪና ያለ መሣሪያ እንዲነዳ ይፈቀድለታል። እዚያ የሚቀጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የራሱ መኪና አለው፤ ለእርሱ ይህ ትንሽ ምሕረት ነው። ጎጃም ውስጥ ግን ሹፌሩ ማን ነው? ሊብሬው በባለንብረቱ ስም ነው፤ ሹፌሩ ተቀጣሪ ነው። ያንን አንቀጽ ተርጉመን ብንቀዳው ሕጉ ከመናኸሪያው በር ሳይወጣ ባዶ ይቀራል። እኛ መቅዳት ካለብን የአውሮፓን አሠራር ነው፦ በአውሮፓ ኅብረት መንጃ ፈቃድ ላይ 69 የሚል ቁጥር ከታተመ ባለቤቱ የትንፋሽ ቁልፍ የሌለውን መኪና መንዳት አይችልም፤ መኪናው የማንም ይሁን የማን። ገደቡ ከሰውየው ጋር ይዞራል። ሉማሜ ላይ ያስቆመው ትራፊክ ፖሊስ ፈቃዱን አይቶ፣ ዳሽቦርዱን አይቶ፣ ይጨርሳል። ሌላ ምርመራ አያሻውም። ባለንብረቱም "አላውቅም ነበር" እንዳይል ፈቃዱ ላይ ቁጥር ያለበትን ሹፌር ቁልፍ በሌለው መኪና ካሠራ ተጠያቂ ይሁን።

ስለ ሰንበቴው። ጸሐፊው እንጀራ የበላ፣ የጠላ ጉሽ የቀመሰ ምስኪን በመንገድ ላይ ይዋረዳል ብለው ሰግተዋል። በአፍ ውስጥ የቀረ አልኮል በአሥራ አምስት ደቂቃ ገደማ ይጠፋል፤ ለዚህ ነው መሣሪያው የወደቀውን ሰው ጥቂት አስጠብቆ ደግሞ የሚያስነፋው። ከእንጀራ የመጣ ከሆነ ያልፋል። ከጠላው የመጣ ከሆነ አያልፍም፤ ማለፍም የለበትም። ጠላ ጠጥተህ አትንዳ ማለት ጠላን መጥላት አይደለም። ደግሞም ሕጉ የሚነካው አንድ ጊዜ ተይዞ የተፈረደበትን ነው፤ ከማኅበር የሚመለሰውን አባወራ ሁሉ አይደለም።

"ጊዜው አይደለም፣ መንገዱ ራሱ ሰላም አጥቶ ሲዘጋና ሲከፈት በሚውልበት ዘመን ይህ ቅንጦት ነው" ያሉትን በቁም ነገር እወስደዋለሁ፤ ያለፉትን ዓመታት እዚሁ ነው የኖርሁት። ነገር ግን መንገድ በተከፈተ ቀን የሚሆነውንም አይቻለሁ። ለሳምንታት የቆመ መኪና ሁሉ በአንድ ማለዳ ይወጣል፤ የጠፋውን ገቢ ለማካካስ ይሽቀዳደማል። ጠጥቶ የሚነዳ ሰው ይበልጥ የሚያስፈራውም ያን ማለዳ ነው።

የዋጋው ነገር ላይ ጸሐፊው አሸንፈዋል፤ አልከራከርም። አሜሪካ ውስጥ ለመግጠም ብቻ ከ70 እስከ 150 ዶላር፣ በየወሩ ደግሞ ከ60 እስከ 90 ዶላር ገደማ ይከፈላል። በእኛ ምንዛሪ ይህ የአንድን ተቀጣሪ ሹፌር የወር ደመወዝ ጠራርጎ ሊወስድ ይችላል። ለድሃው የሚሆን መላ ያልተቀመጠበት ሕግ ሀብታሙን ብቻ የሚያስነዳ ሕግ ይሆናል። ኒው ሜክሲኮ መክፈል ለማይችሉት የሚደጉም ፈንድ ያቋቋመችው ለዚህ ነው። እኛም በአንድ ጊዜ ሁሉን አንጀምር። በሕዝብ ማመላለሻና በከባድ ጭነት ላይ ሆነው ለሁለተኛ ጊዜ በተያዙት እንጀምር፤ ወጪውን ባለንብረቱና ሹፌሩ ይካፈሉት። ከዚያ በፊት ደግሞ የሚቀለው አለ፦ ማለዳ መናኸሪያ በር ላይ አንድ የእጅ የትንፋሽ መመርመሪያ ማስቀመጥ። አውቶቡሱ ከመውጣቱ በፊት ሹፌሩ ይንፋ፤ ለእያንዳንዱ አዲስ መንፊያ ይሰጠው። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በተማሪ ማመላለሻዎች ላይ፣ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በአገር አቋራጭ አውቶቡሶች ላይ ቁልፉን ግዴታ ያደረጉት ማንም ሹፌር እስኪያጠፋና እስኪፈረድበት ሳይጠብቁ ነው።

የመጨረሻው ነጥባቸው በአንድ መስመር ያለፉት ነው፤ ለእኔ ግን እንቅልፍ የሚነሳው እርሱ ነው፦ "ማን ይጠግነዋል?" የመሣሪያው አለካክ በጊዜ ብዛት ይዛባል፤ በየአንድ ወይም በየሁለት ወሩ ገደማ ልኩ በታወቀ ጋዝ መስተካከል አለበት፣ መዝገቡም ያን ጊዜ ይወርዳል። በዓመት አንድ ጊዜ ለቦሎ የሚደረገው ምርመራ አይበቃውም። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባለው መንገድ ይህን ሊሠሩ የሚችሉት እኔን የመሰሉ ሰዎች ናቸው፤ ሥልጠናውን ቢሰጡን በወር ውስጥ እንለምደዋለን። ግን ፈቃዱ የተነጠቀውን ሰው ዲናሞ ሠርቼ የሸኘሁት እኔው ነኝ። ሹፌሩ ደንበኛዬ ነው፣ ባለንብረቱ ጎረቤቴ ነው፣ ተስካር ላይ አብረን እንቀመጣለን። ስለዚህ የሚገጥመውና የሚያስተካክለው እጅ መዝገቡን የሚያነበው ዓይን አይሁን። እኔ ሽቦውን ልያዝ፤ መዝገቡ ግን እኔ ሳልከፍተው፣ ሳላየው፣ በቀጥታ ፈቃዱን ለሰጠው ቢሮ ይሂድ።